የቲዎሪ ሰዎች

ሀፊዛ የዳይሬክተሩን በር ልታንኳኳ እጇን እንዳነሣች ከውስጥ ስለ እሷ ሲወራ ሰማች። «ዘጠኝ ቁጥር ክፍልን ከዛሬ ጀምሮ የእንግዶች ማረፊያ እናደርገዋለን» ይላል የንብረት ኃላፊው፤ «የቲዎሪ ሰዎቹን ግን የት ላድርጋቸው?» ዶክተር ዘርአ ዳዊት፣ «ቲዎሪ ደግሞ ምን ቦታ ይፈልጋል? እርሳስና ወረቀት ካላቸው ካፌ ቁጭ ብለውም ይሠራሉ» አሉ። ሁለቱም ሳቁ። «ኮምፒውተራቸውንም ወደ መግቢያው አዳራሽ አውጣው። ትልቁን ስክሪን የሚችል እሱ ብቻ ነው ብለውኛል።»

የቲዎሪ ሰዎች የሚባሉት አሁን እሷ ብቻ ነበረች። ከሁለት ዓመት በፊት ሦስት ነበሩ። ፍቃዱ አዲስ አበባ አንድ ባንክ ውስጥ የኮምፒውተር ሥራ አግኝቶ ሄደ፤ ሲሰናበታት «እዚያ ቢያንስ መብራት አይጠፋም» ብሏት ነበር። ሁለቱንም ያስተማሯቸው ፕሮፌሰር ወልደሩፋኤል ጡረታ ወጡ፣ ወዲያው ታመሙና ቤት ዋሉ። ሀፊዛ ፀደንያ ከምትባል አንዲት የማስተርስ ተማሪ ጋር ቀረች። ማዕከሉ ግን በእነዚሁ ሁለት ዓመታት አድጓል። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ገብስ ይዘራበት የነበረ ቦታ ላይ፣ ግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል የሚወፍር ሕንፃ ቆመ። ማሽኑ በአሥራ አራት ትልልቅ ሣጥን ሆኖ ከጅቡቲ ተጭኖ መጣ። የማሽኑ ሥራ ሲነገር ቀላል ነው፤ ጥቃቅን ቅንጣቶችን አፍጥኖ ቀጭን የብረት ቅጠል ላይ ይተኩሳል፣ የአቶሙ እምብርት የተተኮሰበትን ሲውጥ የሚያወጣው ጨረር ይቆጠራል። ችግሩ እምብርቱ የሚውጠው በልኩ ጉልበት ሲተኮስበት ብቻ መሆኑ ነው። የራዲዮ ጣቢያ እንደመፈለግ ያለ ነገር ነው፤ ትንሽ ከሳቱት ጩኸት እንጂ ድምፅ የለም። ጣቢያው የት እንዳለ አስቀድሞ አስልቶ መናገር የቲዎሪ ሰዎች ሥራ ነው።

ሀፊዛም ጠዋት የመጣችው ይህንኑ ልትናገር ነበር። እጇን መልሳ አወረደች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ከዚያ እንዳልሰማ ሰው አንኳኳች።

ዶክተር ዘርአ ዳዊት ክፉ ሰው አልነበሩም። የግድግዳው ኮንክሪት ሲሞላ በዚያ ብርድ ሦስት ሌሊት ከሠራተኛው ጋር ያደሩ ሰው ናቸው። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ የሚመጡት እንግዶች ማሽኑ ሲሠራ ካላዩ የሚቀጥለው በጀት እንደማይለቀቅ ስለሚያውቁ ከሳምንት ወዲህ በቅጡ አልበሉም። ሀፊዛ ቆማ አስረዳች። ቅንጣቶቹ ይተኮሱበታል የተባለው ጉልበት፣ በማሽኑ መለኪያ አንድ ነጥብ አራት ሁለት፣ ልክ አይመስላትም። የተወሰደበት ሠንጠረዥ የቆየ ነው፤ በእሷ ስሌት ልኩ ከዚያ ዝቅ ይላል። ኮምፒውተሩ ስሌቱን ከጀመረ ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው፣ ነገ ጠዋት ይጨርሳል።

«ሠንጠረዡ የታተመ ነው» አሉ ዶክተሩ፤ «ያንቺ ገና አላለቀም። ባላለቀ ነገር የታተመውን ልሻር?»

«ነገ ያልቃል።»

«እንግዶቹ ዛሬ ናቸው፣ ሀፊዛ።» ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ክፍሉን ለዛሬ ብቻ ነው የምንጠቀምበት። ቅር እንዳትሰኚ።»

ለዛሬ ብቻ እንዳልሆነ ከበሩ ኋላ ሰምታለች። ቢሆንም «እሺ» ብላ ወጣች።

ዘጠኝ ቁጥር ከደረጃው ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ፀሐይ ከምሳ በኋላ እንጂ አይገባትም፤ ጠዋት ጠዋት ሀፊዛ እግሯን በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ጠቅልላ ነበር የምትሠራው። የክፍሉ ሙቀት የሚመጣው ከኮምፒውተሩ ነበር። የባትሪ መጠባበቂያው ከሞተ ሰባት ወሩ ነው፤ ጠይቃለች፣ በጽሑፍም ጠይቃለች፣ የመጣው መልስ «በሚቀጥለው ዙር» የሚል ነው። ከመጠባበቂያው ጋር የጠየቀችው የመረጃ ማከማቻ ዲስክም እንዲሁ ቀረ፤ ስለዚህ ስሌቱ ካለቀ ነው የሚቀመጠው፣ መሐል ላይ ከተቋረጠ እንደገና ከአንድ ነው። መብራት ሲጠፋ ሁለት ጊዜ እንደዚህ ሆኖባታል። ዛሬ ግን መብራት አልጠፋም። ከንብረት ክፍል ሁለት ሠራተኞች መጡ፣ አንደኛው ጎንበስ ብሎ ገመዱን ያዘና ከማውጣቱ በፊት ቀና ብሎ አያት። «የሚቀር ነገር አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቃት። «አለ» አለች። ቆሞ ጠበቃት። «ግን ከነገ በፊት አያልቅም። አውጣው።» ገመዱ ሲነቀል የማቀዝቀዣው ድምፅ እየቀጠነ ሄዶ ቆመ። አሥራ አንድ ቀን ለመጥፋት የፈጀበት ጊዜ ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም። ፀደንያ በሩ ላይ የሀፊዛን ወረቀቶች በካርቶን ይዛ ቆማ ነበር። የገበታ ጨርቅ ይዘው የሚመጡ ሴቶች እንዲያልፉ ሁለቱም ወደ ግድግዳው ተጠጉ።

ሀፊዛ እልህ ያዛት። ካርቶኑን ከፀደንያ ተቀብላ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ካፌ ገባችና ሻይ አዘዘች። ሻይ ሃያ አምስት ብር ገብቷል፤ ጠረጴዛ ለረጅም ጊዜ የሚይዝ ሰው ደግሞ ደጋግሞ ማዘዝ አለበት። ሙሉውን ስሌት በእጅ መሥራት የማይሞከር ነው፣ ግን አጭር መንገድ አለው፤ የዚህን እምብርት መንትያ የሚሆን ሌላ እምብርት ልኩ ከታወቀ ሰንብቷል፣ ከእሱ ተነሥቶ ልዩነቱን ብቻ መገመት ይቻላል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጻፈች። አጠገቧ የነበሩ የባጃጅ ሾፌሮች ስለ ነዳጅ ሰልፍ ሲያወሩ፣ ቴሌቪዥኑ ሲጮህ፣ አንድ ሰው «እህቴ፣ ወንበሩ ሰው አለው?» ብሎ ካርቶኑ የነበረበትን ወንበር ሲወስድ ቀና አላለችም። ስድስት ሰዓት ላይ አንድ ቁጥር አገኘች፤ አንድ ነጥብ ሦስት ስድስት። ወረቀቱን ትኩር ብላ አየችው። አላመነችውም። ኮምፒውተሩ በግማሽ መንገድ ላይ ሲያሳያት የነበረው ከዚህ ያንስ ነበር። ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል፣ የትኛው እንደሆነ ግን ብቻዋን ልትለይ አልቻለችም። ሰው የገዛ ስሕተቱን አሥር ጊዜ ቢያነበው አሥር ጊዜ ያልፈዋል። ድሮ ቢሆን ወረቀቱን ወደ ፍቃዱ ገፋ ታደርገው ነበር፣ እሱም «ይኼ ምንድነው ደግሞ?» እያለ ያፈርሰው ነበር። ሒሳቧን ከፍላ ባጃጅ አስቆመችና ጠባሴ፣ ፕሮፌሰር ወልደሩፋኤል ቤት ሄደች።

የፕሮፌሰሩ ባለቤት ወይዘሮ አሰገደች በሩን ግማሽ ብቻ ከፈቱት። «አሁን ነው ጋደም ያለው» አሉ። ከውስጥ ግን «ሀፊዛ ናት?» የሚል ደካማ ድምፅ መጣ፣ በሩ ተከፈተ። አዛውንቱ አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር፤ ባለፈው ወር ካየቻቸው ይልቅ አንገታቸው ቀጥኗል። ስለ ጤናቸው ጠየቀች፣ «ይመስገን» አሏት፣ እናቷን ጠየቋት፣ «ደህና ናት» አለች። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ካርቶኑ ሄደ። «አምጪው እስቲ» አሉ።

ማጉያ መነጽራቸውን ይዘው ገጽ በገጽ ወረዱ። ወይዘሮ አሰገደች በሩ ላይ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ሰው ልጁን ሲያስገርፍ እንደሚቆም ቆሙ። አራተኛው ገጽ ላይ የፕሮፌሰሩ ጣት ቆመ።

«እዚህ ጋ ደምረሻል።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«የሚቀነስ ነው።»

ጎንበስ ብላ አየችው። ሕፃን የሚሠራው ስሕተት ነበር፤ የመደመር ምልክት ነው፣ ሦስት ጊዜ አልፋዋለች። አዛውንቱ እርሳሷን ተቀበሏትና አስተካከሉ፣ የቀረውን እሷ ሠራችው። አንድ ነጥብ ሦስት አንድ ወጣ። ኮምፒውተሩ ሊሄድበት የነበረው እዚያ ነበር።

ፕሮፌሰሩ ትራሳቸውን ተደግፈው ትንሽ አረፉ። «ያንን ማሽን የጠየቅሁት እኔ ነኝ፣ ታውቂያለሽ» አሉ። «ከዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሠላሳ ገጽ ጻፍኩ። አንዱ ገጽ ለቲዎሪ ነበር። አራት ሰው፣ ኮምፒውተር፣ ከሌላ አገር የሚመጣ ሰው የሚቀመጥበት አንድ ጠረጴዛ። ብዙ አልጠየቅሁም። ሲጸድቅ ሃያ ዘጠኝ ገጽ ሆኖ ተመለሰ።»

«ለምን ዝም አሉ?»

«ማሽኑን እንዳላጣ ነዋ።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ማሽኑ ይምጣ እንጂ ሰው አይጠፋም አልኩ።»

ወይዘሮ አሰገደች እስከ ውጭው በር ሸኟት። «ሀፊዛ፣ እንዲህ ያለ ነገር ይዘሽበት አትምጪ» አሉ ቀስ ብለው። «ዛሬ ደስ ብሎታል። ሌሊቱን ግን አይተኛም።»

ማዕከሉ ስትደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። መግቢያው አዳራሽ ውስጥ ኮምፒውተሯ ከትልቁ ስክሪን ጋር ተያይዞ፣ ቀይና ሰማያዊ ኳሶች እየተሽከረከሩ የሚጋጩበት ፊልም ያሳያል። አላፊ አግዳሚው ቆሞ በስልኩ ያነሣዋል። መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ሙከራውን የሚመራው ዘሥላሴ ብቻውን ተቀምጧል። ከእሷ በአምስት ዓመት የሚያንስ፣ እጁ ወርቅ የሆነ ልጅ ነው፤ ማሽኑን ከውጭ ባለሙያዎቹ ጋር ከብሎን ጀምሮ የገጠመው እሱ ነው። ፊቱ ነጥቷል። ከምሳ በፊት ለልምምድ ማሽኑን አስነሥቶ በአንድ ነጥብ አራት ሁለት ሲሞክር ነበር። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ከዳር እስከ ዳር ሜዳ ነው።

«ማሽኑ ምንም አልሆነም» አላት ሳትጠይቀው። «ሁሉንም ፈትሻለሁ። ግን ምንም የለም።»

ወረቀቱን ፊቱ አስቀመጠች። «እዚያ ስለሌለ ነው። ከአንድ ነጥብ ሁለት ዘጠኝ ጀምረህ በትንሽ በትንሹ ውጣ። ሦስት አንድ ላይ ወይም አጠገቡ ታገኘዋለህ።»

«ሁሉንም ልፈልግ ብል ሳምንት ይፈጅብኛል። የማቀዝቀዣው ውኃ ለዛሬ የሚበቃኝ ለሁለት ሰዓት ነው፤ ሌላ ዕድል የለኝም።» ወረቀቱን አነሣው። በእርሳስ የተጻፈ፣ ጥጉ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ያለበት ወረቀት ነው። «ዶክተርን ልጠይቃቸው?»

«ጠይቃቸው።»

ዘሥላሴ በመስታወቱ ወደ ኮሪደሩ አየ። ዶክተር ዘርአ ዳዊት ከረባታቸውን እያስተካከሉ ወደ ግቢው በር ሲወርዱ ይታያሉ። አልጠራቸውም። ወንበሩን ወደ ፊት ስቦ ቁጥሩን ለወጠው።

እንግዶቹ ሲገቡ መስመሩ ገና ሜዳ ነበር። አሥራ አምስት ይሆናሉ፤ ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ብርዱን ያልጠበቁ፣ እጃቸውን የሚያፋትጉ። ሀፊዛ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆመች። ዶክተሩ ስለ ግድግዳው ውፍረት ሲያስረዱ ዘሥላሴ ጉልበቱን በትንሽ በትንሹ ያወጣል። ሦስት ዜሮ። ምንም። ሦስት ዜሮ ከግማሽ። የዶክተሩ ድምፅ መቅጠን ጀመረ፤ ስለ ግድግዳው የተናገሩትን ደገሙት። ከዚያ ሦስት አንድ ላይ፣ ከሜዳው መሐል አንዲት ነጥብ ተነሣች፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ መስመሩ ሽቅብ ወጥቶ እንደ ጉብታ ቆመ። ዘሥላሴ «ይኸው» አለ። እንግዶቹ ምን እንዳዩ ባያውቁም አጨበጨቡ። ሀፊዛ አሥራ አንድ ዓመት ተምራ ዶክተር ብትሆንም እንዲህ ያለ ነገር በዓይኗ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር እውነት ሆኖ ብድግ ሲል። ለዚያች ደቂቃ በማንም አልተቀየመችም።

ከእንግዶቹ አንዷ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴትዮ፣ ዞር ብለው፣ «እንዲያው የት መፈለግ እንዳለባችሁ በምን አወቃችሁ?» ብለው ጠየቁ።

ዶክተር ዘርአ ዳዊት ዘሥላሴን አዩት። ዘሥላሴ ወረቀቱን አየ፣ ከዚያ በሩ ላይ የቆመችውን ሀፊዛን አየ፣ ከዚያ ጠዋት አለቃው ፈርመው የሰጡትን የሙከራ ዕቅድ አየ። «ሠንጠረዥ አለ» አለ። ዶክተሩ በእፎይታ ሳቁ። «ጥሩ ማሽን እንደ ጥሩ ፈረስ ነው» አሉ፤ «መንገዱን ራሱ ያውቃል።» ሁሉም ሳቁ። ሴትዮዋ ብቻ ያልገባቸው ነገር እንዳለ ሰው ስክሪኑን እንደገና አዩት፣ ሊጠይቁም አፋቸውን ከፈቱ፣ ግን አስተናጋጁ «በዚህ በኩል» ብሎ ሁሉንም አስወጣ። ሀፊዛ አጠገብ ሲደርሱ አንድ ሰውዬ በትሕትና ጎንበስ ብለው፣ «እህቴ፣ ማረፊያው ወዴት ነው?» አሏት። ሀፊዛ በእጇ ዘጠኝ ቁጥርን አሳየቻቸው።

ኮሪደሩ ላይ ፀደንያ ጠበቀቻት። አንድ ወረቀት ይዛ ነበር፣ አላቀበለቻትም። «ዶክተር፣ የሚፈርሙልኝ ነገር ነበር» አለቻት። የመመረቂያ ጽሑፏን ወደ ሙከራ ክፍል ለማዛወር የሚሞላ ቅጽ ነው፤ ቀኑ የዛሬ ሳይሆን የባለፈው ሳምንት ነው። አንድ ሳምንት ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ዞራለች ማለት ነው።

«ሥራው አልወደድሽውም?»

«ወድጄዋለሁ።» ልጅቷ መሬት መሬት አየች። «እዚያ ግን ወንበር አለ። ሦስት ሰዎች አሉ፣ ሲጨንቀኝ የምጠይቃቸው። እርስዎን... እርስዎንም ማን እንደሚያግዝዎት አላውቅም።»

ሀፊዛ ቅጹን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ፈረመች። ብዕሩ ግድግዳ ላይ አልጽፍ ብሎ ሁለት ጊዜ ደገመችው። «ዘሥላሴ ጥሩ ልጅ ነው» አለቻት፤ «ብዙ ትማሪያለሽ።» ልጅቷ ልታቅፋት ፈለገች፣ እሷ ግን ካርቶኑን ይዛ ነበር።

ቤት ስትደርስ የመግሪብ ሶላት ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል። የምትኖረው በወንድሟ በዓወል ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። እናታቸው ሲቲ ለጉልበቷ ሕክምና ከአልዩ አምባ ከወጣች ሦስት ሳምንቷ ነው፤ የደጋው ብርድ ስለበረታባት ዋናው ቤት ውስጥ ፍራሽ ላይ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ትውላለች። ዓወል በአይሱዙው ለፋብሪካዎች ዕቃ ያመላልሳል። ከወር በፊት አንድ የታሸገ ውኃ ፋብሪካ የጨረር ደኅንነት ሠራተኛ እንደሚፈልግ ሰምቶ ነግሯት ነበር። ጠርሙሶቹ መሙላታቸውን በጨረር የሚለካ አንዲት ትንሽ መሣሪያ አለቻቸው፣ ሕጉ የተማረ ሰው እንዲጠብቃት ያዛል። ደመወዙ የአሁኑን እጥፍ ነው፣ መኖሪያም አለው። ያን ጊዜ ሀፊዛ ስቃ፣ «ጠርሙስ ሞልቷል አልሞላም እያልኩ ልዋል?» ብላው ነበር፤ ዓወል ከፍቶት ከዚያ ወዲህ አላነሣባትም። እራት ላይም ብዙ አይነጋገሩም ነበር።

አሁን ተቀምጦ ጫማውን ሲያወልቅ አጠገቡ ቆመች። «ሥራው አለ እስካሁን?» አለችው።

እጁ የጫማው ክር ላይ ቀረ። ፊቷን አየ፣ ካርቶኑን አየ። «ምን አደረጉሽ?»

«ምንም። አለ ወይ?»

ዓወል ስልኩን አወጣና ደወለ። «ሰኞ ትመጣለች» ሲል ሰማችው። ወር ሙሉ የፈለገው ነገር ነው፣ ሲዘጋ ግን ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም። ስልኩን መዳፉ ላይ አገላበጠው። «እንዲህ ሆነሽ እንድትገቢበት አልነበረም» አለ። ለሶላት ታጥቦ ውዱእ ሊያደርግ ወጣ።

ሲቲ ከፍራሹ ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። «ያ ማሽናችሁ ሠራ?» አለች።

«ሠራ፣ እማ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች እናቷ። ማሽኑ ምን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም፤ አልዩ አምባ ላይ ግን ለጎረቤት ሁሉ ልጄ ማሽን እያሠራች ነው ትል ነበር።

የሀፊዛ ስልክ ጮኸ። ዘሥላሴ ነበር። ከኋላው የሰው ጫጫታና የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል። «ይቅርታ» አላት በመጀመሪያ፤ «ዕቅዱ ላይ ፊርማቸው ነበረበት፣ እዚያ ሰው ፊት...» አልጨረሰውም። ከዚያ ድምፁ ፈጠነ። ዶክተር በጣም ተደስተዋል፣ በጀቱ ይለቀቃል፣ የሁለተኛው ሙከራ ቀን ተቆርጧል፣ በሌላ ብረት ነው። «ለሱ ስንት ላድርገው?»

«አላውቅም» አለችው።

«እንዴት?»

«አልተሰላማ። እሱ ደግሞ መንትያ የለውም፤ በእጅ አይሆንም። ኮምፒውተርና ሁለት ሰው ቢኖር ሦስት ወር ይፈጃል።»

«ማን ይሠራልናል ታዲያ?»

አንዱ ባንክ ቤት ነው፣ አንዱ አልጋ ላይ ነው፣ አንዷ ዛሬ ከሰዓት ወደ እሱ ተዛውራለች። አልዘረዘረችለትም። «ሰኞ ሌላ ሥራ ልጀምር ነው» አለች። «ደህና እደር፣ ዘሥላሴ።» ስልኩን ዘጋችው።

ሲቲ ትክ ብላ ታያት ነበር። «ምን ጠፍቶባቸው ነው?» አለች።

«የጠፋ የለም፣ እማ። የት እንደሚፈልጉ አያውቁም።»

«ታዲያ ንገሪያቸዋ» አለች እናቷ፣ ነገሩ ቀላል እንደሆነ ሁሉ።

ሀፊዛ ፍራሹ ዳር ተቀመጠች፣ ብርድ ልብሱን ገለጠችና የእናቷን ያበጠ ጉልበት ቀስ እያለች ማሸት ጀመረች። ውጭ ዓወል ውኃ ሲያፈስ ይሰማል። ሲቲ እግሯን ዘርጋ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች።